ሞተሩን እንዳታጠፊው

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳይለይ በሚወርድበት ሰሞን የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ያ ጠዋት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። መኪናዬን ላጠፋ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ይስቁብኛል ብዬ ለብዙ ሰው አልተናገርኩም። እስቲ እናንተ ፍረዱ።

የምኖረው ከፋ ውስጥ፣ ዋጫ ነው። ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የማረጋግጥ፣ ስልኬ በጠዋት ከጠራ ሰው የሞተ የሚመስለኝ ዓይነት። ባለቤቴ ተስፋዬ «አንቺ የሚያስጨንቅ ነገር ሲጠፋ፣ የት ሄደ ብለሽ ትጨነቂያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል።

መኪናዋን ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ እሱ ነው። እንደ ድሮዎቹ ቁልፍ ሰክተው የሚያዞሩባት አይደለችም። ሪሞቷን ቦርሳ ወይም ኪስ ውስጥ ይዞ መግባት፣ የማስነሻውን ክብ በተን መጫን፣ በቃ። ስንገዛት ደላላው አንድ ሪሞት ሰጥቶን ሁለተኛው «ይመጣል» አለን። አልመጣም። እኛም ሌላ እናስቀርጻለን እያልን፣ ዛሬ ነገ ስንል ከረምን።

በዚያ ሰሞን ታናሽ እህቴ ሜሮን ለመውለድ እኔ ቤት መጥታ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ ኃላፊነቱ በእኔና በአክስታችን በእትዬ አበበች ላይ ወደቀ። ተስፋዬም ለስልጠና ሐዋሳ ሄዷል።

ያን ዕለት ጠዋት ጅማ ለሚኖረው ወንድሜ ለዳዊት ማር ልልክለት መናኸሪያ ሄድኩ። ሳል ይዞታል፤ እሱ ደግሞ የአገሩን ማር ካልላሰ የሚሻለው አይመስለውም። ማሩን በትንሽ ባልዲ ሞልቼ ከደንኩና እንዳይፈስ በላዩ ላይ የእንሰት ቅጠል አልብሼ ላስረው ነበር። ዝናቡ ይወርዳል። የመኪናዋ ባትሪ ደክሞ ስለነበር፣ አንዴ ካጠፋኋት ታስለምነኛለች ብዬ ሞተሯን ሳላጠፋ ነው የወረድኩት።

ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። ማሰር ሁለት እጅ ይፈልጋልና ክዳኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቅጠሉን አጥፌ፣ ገመዱን ጠምጥሜ፣ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ሪሞቱን አብሬ ማሰሬን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወደ ጅማ የሚሄደው አውቶቡስ ሊሞላ ተቃርቧል። መስኮት አጠገብ አንድ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ፣ ፊቱ ደስ የሚል ሰው አየሁ። በእኛ አካባቢ ዕቃ የሚላከው እንዲህ ነው፤ ፊቱን አይተን ያመንነውን መንገደኛ «ወንድሜ፣ ይቺን አደራ» እንለዋለን። የተቀባዩን ስልክ እንሰጠዋለን፤ የእሱን ግን አንቀበልም። ስልክ መጠየቅ አላመንኩህም እንደ ማለት ነው። ሰውዬው ባልዲውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠና «አታስቢ እህቴ» አለኝ። አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ስልኬ ጠራ።

እትዬ አበበች ናቸው። «ቶሎ ነይ፣ ሜሮን ጤና ጣቢያ ናት» አሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አልመስል አለኝ።

ዘልዬ መኪና ውስጥ ገባሁና ነዳኋት። መኪናዋ ጡጡጡ እያለች መጮህ ጀመረች። በር በደንብ አልዘጋሁም ይሆናል፣ ወይም ቀበቶው ነው ብዬ ችላ አልኳት። መቼ ልስማ!

ጤና ጣቢያ ስደርስ ሜሮን ግድግዳ ይዛ ቆማለች። አዋላጇ ወደ ጎን ወስዳኝ «ልጁ በመቀመጫው ነው የመጣው፤ እዚህ አንሞክረውም፤ ቦንጋ ሆስፒታል ድረሱ» አለችኝ። አምቡላንሱ ሌላ እናት ሊያመጣ ወደ ቢታ ገነት አቅጣጫ ወጥቷል። እሱን ከመጠበቅ መኪና ካለሽ አንቺ ውሰጃት አለችኝ። ሞተሯ እንደተነሳ ነበር። ሜሮንን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፤ እትዬ አበበች ራሷን ታቅፈው ተቀመጡ። ወጣን።

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ጉድጓድ ስገባ ሜሮን ትጮኻለች፤ ስትጮህ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፤ ፍሬን ስይዝ እትዬ አበበች «ንጂው እንጂ!» ይሉኛል። ሺሺንዳ ስንደርስ ሜሮን ውኃ ጠየቀች። ሱቅ አጠገብ ሞተሯን ሳላጠፋ አቁሜ ወረድኩና ውኃ ገዝቼ ስመለስ ዓይኔ ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ላይ አረፈ። ቢጫ የቁልፍ ሥዕል ብልጭ ድርግም ይላል። ቦርሳዬን በረበርኩ። ኪሴን፣ ወንበሩን፣ ከወንበሩ ሥር ዳበስኩ። ሪሞቱ የለም።

ለእህቴና ለአክስቴ ምንም ሳልል ከመኪናው ራቅ ብዬ ለተስፋዬ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት።

«ሞተሩ እየሠራ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«በደንብ ስሚኝ። ሪሞቱ ባይኖርም አንዴ ከተነሳች ትሄዳለች። ካጠፋሻት ግን አትነሳም። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሞተሩን እንዳታጠፊው። ገባሽ?»

«ነዳጁ ትንሽ ነው» አልኩት። እኔ እኮ አንድ ጭንቀት አይበቃኝም።

«ቦንጋ ያደርስሻል። ማደያ ብትገቢ አጥፊ ይሉሻል፤ አትግቢ። ሪሞቱ ከተገኘ ደግሞ፣ ዝም ካለሽ፣ ራሱን በተኑ ላይ አስጠግተሽ...» ስልኩ ተቆረጠ።

ያኔ ነው ማሩ ትዝ ያለኝ። ክዳኑ፣ ቅጠሉ፣ ሁለት እጄ። ለዳዊት ደውዬ «ማር የያዘልህ ሰውዬ ደውሎልሃል?» አልኩት። «ጅማ ሲደርስ ይደውላል አላልሽም እንዴ?» አለኝ። የሰውዬውን ስልክ አላውቅ፣ ስሙን አላውቅ። የማውቀው የጃኬቱን ቀለም ነው።

መኪና ውስጥ ስገባ እትዬ አበበች «ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። ሜሮን እየሰማች ምን ልበል? ምጧ አይበቃትም? ዝም ብዬ ነዳሁ። ያቺን ጡጡጡ የምትል ድምፅ ከዚያ በኋላ ስሰማት፣ ልትጠፋ ነው፣ ልትጠፋ ነው የምትለኝ ይመስለኛል። የነዳጁን መርፌ አያለሁ፤ መንገዱን አያለሁ፤ በመስታወት እህቴን አያለሁ። እጄን ከበተኑ ለማራቅ፣ መሪውን በአንድ ጎን ብቻ ይዤ ነበር የምነዳው።

ዉሽዉሽ ሳንደርስ፣ ደኑ መንገዱን ግራና ቀኝ በሚያጥርበት ቦታ፣ አንድ ኩርባ ስዞር መኪኖች ቆመው አየሁ። ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ከእነሱ ፊት ደግሞ አንድ አውቶቡስ። ጭጋግ ስለነበር የአውቶቡሱን መልክ አልለየሁትም። ሰው ሁሉ ወርዶ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

ቀብር ነው። አስከሬን ይዘው መንገዱን ሞልተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ዘንድ አስከሬን መንገድ ላይ ካገኘህ መኪናህን ታቆማለህ፤ ሞተርህን ታጠፋለህ፤ ትወርዳለህ። ትራፊክ አያስገድድህም፤ ማንም አይቀጣህም። ግን ሞተር እያስጮኸ በአስከሬን አጠገብ ያለፈ ሰው፣ ከነቤተሰቡ ስሙ በክፉ ይነሳል። እኔ ራሴ ሳላጠፋ አልፌ አላውቅም።

ያን ዕለት ግን ቆምኩና አላጠፋሁም። ሞተሩ በዚያ ዝምታ ውስጥ እንዴት ይጮህ እንደነበር! በሌላ ጊዜ ድምፅ የላትም የምላት መኪና። የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። አንዱ በእጁ «አጥፊ» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ጋቢያቸውን ያዘቀዘቁ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ከለቅሶው መሀል ወጥተው ወደ እኔ መጡ። መስኮቱን በጣታቸው ቀስ ብለው መቱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሞተሩን አጥፊው። ሰው ነው እኮ የሞተው» አሉኝ፣ የከፋ ቋንቋ፣ የካፊኖኖ፣ ቃና ባለው አማርኛ።

በመስኮት በኩል ማስረዳት ነውር መሰለኝና ወረድኩ። አጎንብሼ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከጠፋ አይነሳም፣ ሪሞቱ ጠፍቶብኝ ነው፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት...» እያልኩ ስንተባተብ ከኋላዬ አንድ ነገር ተለወጠ። ድምፁ ጠፋ።

ዞርኩ። እትዬ አበበች ከኋላ ወንበር ተጠማዝዘው፣ ክንዳቸውን በሁለቱ ወንበሮች መሀል ወደ ፊት ዘርግተዋል። ጣታቸው ገና በተኑ ላይ ነው።

«አጠፋሁልሽ» አሉኝ። «አስከሬን ቆሞ ሞተር ይጮሃል እንዴ? ምን ነካሽ?»

ያደረጉት እኔ ሕይወቴን ሙሉ ሳደርገው የኖርኩትን ነው። እንዳያደርጉት የነገራቸውም የለም።

ሮጬ ገባሁና በተኑን ተጫንኩ። ጡ አለና ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ቢጫው ሥዕል ብልጭ አለና ጠፋ። ሜሮን «እቴቴ፣ መጣ መሰለኝ፣ መጣ» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። መሪውን በቡጢ መታሁትና አለቀስኩ። እህቴን በዚያ መንገድ ላይ፣ በዝናብ፣ የማጣት መሰለኝ። እትዬ አበበች ነገሩ ሲገባቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

አዛውንቱ አልሄዱም ነበር። አንገታቸውን ወደ ውስጥ አግብተው ሜሮንን አዩ። ከዚያ እኔን «ምንድን ነው የጠፋው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

«የመኪናው ቁልፍ፤ ማር ባልዲ ላይ አብሬ አስሬው፣ ጅማ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። በአውቶቡስ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ማር?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ከዘራቸውን ቀና አድርገው ወደ ፊት አመለከቱ። «ያ የጅማ አውቶቡስ አይደለም?»

እሱ ነበር! ለካ አስከሬኑ በእኛ ብቻ ሳይሆን በእነሱም ላይ መንገዱን ዘግቷል። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ከዘራቸውን ከፍ አደረጉና በካፊኖኖ ተናገሩ። ለቅሶው በረደ። ከዚያ በአማርኛ «የዚችን ልጅ ማር የያዘ ሰው ይምጣ! ከአውቶቡስ የወረደ ይምጣ!» አሉ።

ከሰዎቹ መሀል አረንጓዴ ጃኬት ብቅ አለ። ሁሉም ዕቃውን አውቶቡስ ውስጥ ትቶ ሲወርድ እሱ ባልዲውን በክንዱ አቅፎ ነው የወረደው። «አደራ ስለሆነ ጥዬው አልወረድኩም» አለኝ፣ ላመሰግነው የመጣሁ መስሎት። ባልዲውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። «ጅማ ላለው ሰውዬ አይደለም እንዴ ስጥ ያልሽኝ?»

«ወንድሜ፣ በማርያም፣ ፍታው!» ብዬ ጮህኩበት።

ገመዱ በውኃ ርሶ አልፈታ አለ። ምነው ያን ያህል አጠበቅኩት! ሰውዬው በጥርሱ ነክሶ ፈታው። ቅጠሉን ገለጠ። ሪሞቱ ከክዳኑ ዳር በወጣ ማር ተለውሶ፣ በዝናብ ርሶ፣ ቁጭ ብሏል። በቀሚሴ ጠርጌው ገባሁና በተኑን ተጫንኩ።

ዝም።

እንደገና። ዝም። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። ያኔ የተስፋዬ የተቆረጠ ንግግር ትዝ አለኝ፤ ዝም ካለሽ ራሱን በተኑ ላይ አስጠግተሽ። የጨረሰውን አልሰማሁም። የሰማሁትን ያህል አደረግሁ። ሪሞቱን በተኑ ላይ ገጠምኩት፤ እሱ እንደተገጠመ ፍሬን ረግጬ ተጫንኩ። አረንጓዴ መብራት በራ። ሞተሩ አህ፣ አህ፣ አህ አለ። ያ የደከመ ባትሪ! «እባክሽ» አልኳት መኪናዋን፣ እንደ ሰው። ተነሳች።

ከፊታችን ግን መንገዱ እንደ ተዘጋ ነው። አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች መሀል መንገድ ላይ ቆመዋል። አዛውንቱን አየኋቸው። እሳቸው ወደ ተሸካሚዎቹ ሄደው በእጃቸው የመንገዱን ዳር አሳዩ። አንዱ ጎልማሳ ያቅማማ መሰለኝ። አስከሬን መንገድ ሲለቅ ማን አይቶ ያውቃል? አዛውንቱ ድምፃቸውን ሳያነሱ «እሷ አትቸኩልም። እነሱ ይለፉ» አሉ።

አስከሬኑን ዳር አወጡት። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። የቆሙትን መኪኖች በጎን አልፌ በመሀላቸው በቀስታ ስነዳ አንድም ሰው አላለቀሰም። ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል «ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» እያሉ ሜሮንን መረቋት። ጃንጥላ የያዘች አንዷ ደረቅ ጋቢዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ወረወረችላት። አረንጓዴ ጃኬት የለበሰው ሰው ደግሞ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ባልዲውን እንደገና እያሰረ ነበር።

ቦንጋ ደረስን። ሆስፒታሉ በር ላይ ሜሮንን ተቀብለው እየሮጡ አስገቧት። ጥበቃው «እህት፣ ሞተሩን አጥፊና መኪናሽን ዳር አውጪ» አለኝ። በተኑን ማየት አቃተኝ። እትዬ አበበችን አየሁ። «እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ እጄን አልሰድም» አሉ። በዚያ ጭንቀት መሀል ሁለታችንም እንደ እብድ ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ተቃቅፈን አለቀስን።

ሜሮን በኦፕሬሽን ወለደች። ሴት ልጅ። ሐኪሙ ሲወጣ «በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት፤ ትንሽ ቢዘገይ...» ብሎ አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግሁም። ዳዊት በማግስቱ ደውሎ ማሩ ምንም ሳይጎድል እንደደረሰውና ሰውዬው ስለ ሕፃኗ እንደጠየቀው ነገረኝ። ስሙን ግን ዛሬም አላውቅም። ዳዊትም የአገሩ ልጅ ነው፤ አልጠየቀውም።

አዛውንቱ ግን ከልቤ አልወጡም። ያን ቀን የማን ቀብር እንደነበር እንኳ አልጠየቅሁም። ሜሮን ስትጠነክር፣ ተዝካሩ የሚወጣበትን ቀን አጠያይቀን፣ የዚያችን ሴትዮ ጋቢ አጥበን፣ ሕፃኗን ይዘን ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። እትዬ አበበች አስከሬን አክብሬ ሕያው ልገድል ነበር እያሉ ሲበሉ ሲጠጡ ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር።

ለቀስተኛው የተቀመጠበት ዳስ ውስጥ ስንገባ፣ ሐዘንተኞች በሚቀመጡበት ቦታ፣ መጀመሪያ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «እኚህ አባት የሟች ምኗ ናቸው?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«ባሏ ናቸው እንጂ» አለችኝ።

እሷ አትቸኩልም ያሉት ስለ ሚስታቸው ነበር።

እትዬ አበበች ተንሸራተው አዛውንቱ ጉልበት ላይ ወድቀው «አባቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቀብርዎን ያቆምኩት እኔ ነኝ» እያሉ አለቀሱ። አዛውንቱ አንስተዋቸው ሕፃኗን እንድንሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ልጅ ትወድ ነበር» አሉ። «ያን ቀን እንኳን አሳለፍኳችሁ። ባላሳልፋችሁ ኖሮ ስንገናኝ ትቆጣኝ ነበር።»

አሁን ሁለት ሪሞት አለን። ተስፋዬ ከስልጠናው እንደተመለሰ ሌላ ነገር ሳይነካ ያስቀረጸው እሱን ነው። አንዱ አንገቴ ላይ በክር ይንጠለጠላል። ሌላው እትዬ አበበች መቀነት ውስጥ ተቋጥሯል፤ በመኪና ስወጣ አብረውኝ ባይሄዱም «ያንቺ ቢጠፋ የኔ አለ» ይሉኛል። ሜሮንና ልጇ ደህና ናቸው። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ እውነቱን ልናገር፣ ብሷል። ማደያ ስገባ፣ ኬላ ላይ «አጥፊ» ስባል፣ ያ ዝምታ ትዝ ይለኛል።

በዚያ ኩርባ ሳልፍ አንዳንዴ አስከሬን ያጋጥመኛል። አቆማለሁ። ጣቴ በተኑ ላይ ሲያርፍ፣ ባትነሳልኝስ፣ አንድ ሰው ሊሞትብኝ ቢሆንስ እላለሁ። ከዚያ እኚያ አባት ትዝ ይሉኛል። አጠፋዋለሁ፤ እወርዳለሁ። የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍም ዝናብ ቢሆን ቆሜ እጠብቃለሁ።